ባንክ ሲወድቅ የተቀማጭ መድኑ ብድሮቹን ለምን በቅናሽ ይሸጣል? ትንሽ ይዞ ቢቆይ አይሻልም?

ሜሪ_ሒሳብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ስንከራከርበት የሰነበትነው ነገር ስለሆነ ባንክ የሠራ ወይም በደንብ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ አስረዱኝ። በፈረንጆቹ ማርች 2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ የአሜሪካው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ድርጅት ኤፍዲአይሲ ተረክቦት ከሁለት ሳምንት በኋላ ለፈርስት ሲቲዝንስ ባንክ ሸጠው አይደል፣ የሽያጩን ዝርዝር ሳነብ 72 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ንብረት፣ አብዛኛው ብድር ነው፣ በ16.5 ቢሊዮን ዶላር ቅናሽ ነው የተሰጠው። እኔ የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ እንደዚህ አይነት ቁጥር አይቼ ማለፍ አልችልም። ብድሩ እኮ ሁሉም የተበላሸ አይደለም፣ ብዙው ተበዳሪው በሰዓቱ የሚከፍለው ጤነኛ ብድር ነው፣ ታዲያ መድኑ ይዞት እየሰበሰበ ለምን አይቆይም? ባልደረባዬ በቃ ሀብታም ለሀብታም መጠቃቀም ነው ብሎ ዘጋው፣ እኔ ግን ነገሩ እንደዛ ብቻ ነው ብዬ መቀበል ከበደኝ።

ሌላው ያልገባኝ፣ ከመድኑ ጣሪያ በላይ፣ ማለትም መድኑ ከሚሸፍነው ከፍተኛ መጠን በላይ፣ ገንዘብ የነበረው ሰው ቀሪውን የሚያገኘው ከንብረቱ ሽያጭ ነው ይላሉ፣ እንደዛ ከሆነ በርካሽ በተሸጠ ቁጥር የሚጎዳው እሱ ነው ማለት አይደል? ተበዳሪዎቹስ ምን ይሆናሉ?

የድሮ_ኦዲተር፦
ሜሪ ጥሩ ጠየቅሽ። ከጣሪያ በላይ ስላለው ሰው ከጠየቅሽው ልነሳ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጥያቄሽም መልስ እዛው ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ መድኑ ራሱ ገንዘብ ጠያቂ ሆኖ ወረፋ ውስጥ ይገባል። መድን ላላቸው አስቀማጮች ገንዘባቸውን ሲከፍል እነሱን ይተካል፣ ከዛ በኋላ ንብረት ተሽጦ ገንዘብ ሲገባ ከጣሪያው በላይ ካላቸው አስቀማጮች ጋር እኩል በድርሻ ነው የሚካፈለው እንጂ እሱ ቀድሞ እነሱ ትርፍራፊ አይለቅሙም። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ከ1993 ጀምሮ በሕግ የተቀመጠ ነው፣ መጀመሪያ የማጣራት ሥራው ወጪ፣ ቀጥሎ አስቀማጮች፣ ከዛ ሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች፣ መጨረሻ ላይ ባለአክሲዮኖች፣ እነሱ ጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደርስም።

በቁጥር እንየው። ባንኩ 100 ተቀማጭ አለው እንበል፣ 80ው መድን ያለው 20ው የሌለው። ንብረቱ ወጪ ተቀንሶለት 70 አወጣ። መድኑ ለ80ው ሙሉውን ከፍሏል፣ ከ70ው የሚመለስለት ግን 56 ነው፣ 24 ከፈንዱ ጠፋ ማለት ነው። ከጣሪያ በላይ የነበሩት 14 አገኙ 6 አጡ። ንብረቱ በ60 ተሽጦ ቢሆን ኖሮ መድኑ ተጨማሪ 8 ያጣል፣ እነሱ ተጨማሪ 2። ስለዚህ በርካሽ ሲሸጥ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ራሱ ሻጩ ነው። ፈንዱን የሚሞሉት ደግሞ ባንኮቹ በሚከፍሉት አረቦን ነውና ኪሳራው በዞረ ቁጥር እነሱ ጋ ነው የሚደርሰው።

ታዲያ ለምን ይቸኩላል ላልሽው። ባንኩን የሚዘጋው መድኑ አይደለም፣ ፈቃድ የሰጠው አካል ነው፣ ዘግቶ መድኑን አጣሪ አድርጎ ይሾመዋል። ጊዜ ካለ ግን ከመዘጋቱ በፊት ለሳምንታት ውስጥ ለውስጥ ሥራ አለ፣ ሊገዙ የሚችሉ ባንኮች ሚስጥር ለመጠበቅ ፈርመው የብድሩን ዝርዝር በኦንላይን ዳታ ሩም፣ ለተፈቀደለት ብቻ በሚከፈት የሰነድ ማያ ቦታ፣ ያያሉ፣ ዋጋ ያስገባሉ። ከዛ ብዙውን ጊዜ ዓርብ ማታ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቡድኑ ይገባል። ካዝና ይቆጠራል፣ ሲስተሙ ይያዛል፣ የቀኑ ሒሳብ መዘጋት አለበት፣ ጀነራል ሌጀሩ (ዋናው የሒሳብ መዝገብ) በዛ ሌሊት ካልገጠመ ገዢው ምን እንደተረከበ አያውቅም፣ የተንጠለጠለች ቼክ ሳትቀር የማን እንደሆነች ይለያል። ሰኞ ጠዋት ቅርንጫፉ በሌላ ባንክ ስም ይከፈታል፣ ያው ካርድ ያው ቼክ ይሠራል። በዚህ መንገድ ሲሄድ የሚሸጠው ብድር ብቻ አይደለም፣ ደንበኛው፣ አካውንቱ፣ ሠራተኛው፣ ቅርንጫፉ አንድ ላይ ነው የሚሄደው፣ ገዢውም ለዚህ ሁሉ ነው ዋጋ የሚሰጠው።

አሁን 16.5 ቢሊዮኑ። ሜሪ አንቺ ይሄን ከማንም በላይ ትረጂዋለሽ፣ ወለድ ዝቅ ባለበት ጊዜ የተሰጠ ብድር የገበያው ወለድ ከወጣ በኋላ ተበዳሪው አንድም ቀን ሳያዛንፍ ቢከፍል እንኳ ዛሬ በመዝገብ ዋጋው የሚገዛው የለም። ባንኩን የጣለውም እኮ ይኸው ነው፣ በያዘው ቦንድ (ወለድ የሚከፈልበት የዕዳ ሰነድ) ላይ የደረሰው። የሲሊከን ቫሊ ብድሮች ደግሞ ገና ትርፍ ላልጀመሩ ድርጅቶች የተሰጡ በብዛት ነበሩበት፣ አበዳሪያቸው በወደቀ ማግሥት እንዴት እንደሚሆኑ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም ነበር። መድኑም ዝም ብሎ አልሰጠም፣ የፈርስት ሲቲዝንስ አክሲዮን ዋጋ ከወጣ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ድርሻ እንዲያገኝ ተዋውሏል፣ 90 ቢሊዮን ገደማ ቦንድና ሌላ ንብረት ደግሞ እጁ ላይ አስቀርቶ ቀስ እያለ ነው የሸጠው። የሁለቱን ባንኮች፣ የሲሊከን ቫሊንና የሲግነቸርን ቦንድ የሚሸጥለት ብላክሮክ የተባለውን የንብረት አስተዳዳሪ ድርጅት ቀጥሮ 114 ቢሊዮን የሚሆነውን ገበያውን ሳያናጋ በየጥቂቱ ነው ያወጣው። የሚቸኮልበትና የማይቸኮልበት ንብረት አለ።

ዳዊት_ከ፦
ጋሽ ኦዲተር አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ነገሩን ትንሽ አለሰለስከው። መድኑ የሚጎዳው ራሱ ነው ማለት በጥሩ ዋጋ ይሸጣል ማለት አይደለም። የሚሸጡት ሰዎች ከኪሳቸው አይደለም የሚያጡት፣ የሚለኩት ደግሞ ባንኩን በምን ያህል ቶሎና ያለ ጫጫታ እንዳስረከቡ ነው።

በ1989 አሜሪካ ለቁጠባና ብድር ተቋማት ቀውስ ብላ ያቋቋመችውን አርቲሲን ተመልከት፣ 747 ተቋማት ወደ 400 ቢሊዮን ዶላር ከሚጠጋ ንብረት ጋር ወረደበት፣ እስከ 1995 መጨረሻ ሲሸጥ ነው የኖረው። በአንዴ በጅምላ የሚሸጥ የሕንፃና የመሬት ብድር ሲመጣ መግዛት የሚችለው ጥሬ ገንዘብ ያለው ጥቂት ሰው ብቻ ነው፣ ጥቂት ገዢ ባለበት ጨረታ ዋጋው ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። አርቲሲ ራሱ ይሄን ስላየ ነው እኮ በኋላ ላይ አሠራሩን ቀይሮ ብድሮቹን ከግል ገዢ ጋር በሽርክና ድርጅት ውስጥ እያስገባ፣ ገዢው እንዲያስተዳድር፣ ወደፊት የሚገኘውን ደግሞ እንዲካፈሉ ያደረገው። ዋጋው እንደሚወጣ እያወቁ ሙሉውን መልቀቅ ስህተት ነበር።

ኢንዲማክ የሚባለው ባንክም አለ። በጁላይ 2008 ወደቀ፣ በማርች 2009 የግል ባለሀብቶች ቡድን ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካፒታል አስገብቶ ወሰደው፣ መድኑ ከተወሰነ መጠን በላይ ያለውን የብድር ኪሳራ ሊጋራላቸው ፈርሞላቸው፣ ስሙን ዋንዌስት ብለው በ2015 ሲአይቲ ለሚባል የፋይናንስ ድርጅት በ3.4 ቢሊዮን ሸጡት። በመሀል ሌሎች ባንኮችም ጨምረውበታል እሺ፣ ግን ያንን ትርፍ ያመጣው ሙያ ብቻ ነው የሚለኝ ሰው አያሳምነኝም፣ ገበያው ወለሉ ላይ በተኛበት ሰዓት ስለተሸጠላቸውም ነው። የሜሪ ባልደረባ መጠቃቀም ነው ያለው በእኔ እምነት ትክክል አይደለም፣ ማንም ለማንም መደወል አያስፈልግም፣ ሁሉም ሰው በፈራበት ቀን መሸጥ ብቻውን ይበቃል።

የብድር_ክፍል፦
ሜሪዬ ስለ ተበዳሪዎቹ የጠየቅሽውን እኔ ልመልስ፣ የብድር ፋይል ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ነገሩ ከልቤ ነው። አጭሩ መልስ ባንክ ሲወድቅ ዕዳ አይወድቅም። ውሉ በነበረበት ይቀጥላል፣ ወለዱም ቀነ ገደቡም ያው ነው፣ ክፍያው ለአጣሪው ወይም ብድሩን ለገዛው ይሆናል፣ ደብዳቤ ይደርስሻል በቃ። ብዙ ሰው ባንኩ ተዘግቷል ብሎ አንድ ሁለት ወር መክፈል ያቆምና መዝገቡ ላይ ውዝፍ ሆኖ ይገኛል፣ የብድሩ ዋጋም የሚወርደው እንደዛ ነው፣ ገዢው የሚያየው የክፍያ ታሪክ ነዋ።

ዋናው ጉዳት ያለው ግን ባንኩ ገና ለተበዳሪው ለቅቆ ባልጨረሰው ብድር ላይ ነው። ሕንፃ እየሠራሽ ነው እንበል፣ ባንኩ በየደረጃው እየለቀቀልሽ፣ መሠረቱ አልቆ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደርሰሻል፣ ቀጣዩ ክፍያ ሊለቀቅ ሳምንት ሲቀረው ባንኩ ተዘጋ። አጣሪው ያልተለቀቀውን ብድር የመልቀቅ ግዴታውን የመሰረዝ ሥልጣን አለው። ኮንትራክተሩ ሥራ ያቆማል፣ ብረቱ ዝናብ ይመታዋል፣ ማስያዣው ያ ሕንፃ ነው፣ ያላለቀ ሕንፃ ደግሞ ከወጣበት ወጪ በጣም ያነሰ ነው የሚያወጣው። ያኔ ያ ፋይል ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠው እያንዳንዱ ወር ዋጋ ይበላል። ጠበቃ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ የንብረት ግብር አለ፣ ገማች አለ። ዳዊት ይዘው ቢቆዩ ዋጋው ይወጣ ነበር ስትል ለቦንድ ወይም ለጤነኛ የቤት ብድር ልትል ትችላለህ፣ ለዚህ አይነቱ ግን ማነው ይዞ የሚቆየው? መድኑ አዲስ ብድር እየሰጠ ደንበኛ የሚንከባከብ ባንክ አይደለም፣ ጎበዝ ተበዳሪዎች ደግሞ ሌላ ባንክ ሄደው ዕዳቸውን አዙረው ይወጣሉ፣ የሚቀሩት መሄጃ የሌላቸው ናቸው፣ እና በቆየ ቁጥር ክምችቱ እየከፋ ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሉም ተበዳሪ ቢያውቀው ደስ ይለኛል ምክንያቱም ሰው ሲያለቅስበት አይቻለሁ። የብድር ኃላፊው አይዞህ ቀነ ገደቡን እናራዝምልሃለን ብሎ በቃል የነገረህ ነገር ባንኩ ከወደቀ ዋጋ የለውም። በአሜሪካ ሕግ አጣሪውን የሚያስገድደው በጽሑፍ የሆነ፣ ብድሩ በተሰጠበት ጊዜ የተፈረመ፣ የባንኩ ቦርድ ወይም የብድር ኮሚቴ ያጸደቀውና በቃለ ጉባኤ የሰፈረ፣ በባንኩ መዝገብ ላይ ሳይቋረጥ የቆየ ስምምነት ብቻ ነው። ኢሜይል ተለዋውጠናል፣ ማኔጀሩ ያውቀኛል፣ አይሠራም። ጨካኝ ይመስላል፣ ግን ለገዢው የሚሸጠው ፋይሉ ላይ ያለው ወረቀት ነው፣ ከወረቀቱ ጀርባ የተባለ ነገር ሁሉ ይጸናል ከተባለ ማንም በትክክለኛ ዋጋ አይገዛም። ስለዚህ የተሰጠህ ቃል ካለ ዛሬውኑ አጽፈው።

ሜሪ_ሒሳብ፦
በጣም ነው የማመሰግነው፣ የብድር_ክፍል እህቴ የሕንፃውን ነገር እንደዛ አስቤው አላውቅም። የ56ና የ14ቱን ስሌት ደግሞ ለባልደረባዬ አሳየሁት፣ ዝም አለ ግን አልተሸነፈም። አሁን የጠየቀኝ፣ እሺ ከጣሪያ በላይ ያለው ሰው ያንን 14 እስኪያገኝ ስንት ዓመት ይጠብቃል? ሲሊከን ቫሊ ላይ ሁሉም ሙሉውን አግኝቷል አይደል እንዴ፣ ታዲያ ጣሪያ የሚባለው ነገር አለ ወይስ የለም?

ናቲ_ክፍያ፦
ሲሊከን ቫሊንና ሲግነቸርን እንደ ደንቡ እንዳትወስጂያቸው ሜሪ፣ እነሱ ልዩ ውሳኔ የተሰጠባቸው ናቸው፣ የባንክ ሥርዓቱ ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል ተብሎ በማርች 12 ቀን 2023 ሁሉም ተቀማጭ እንዲጠበቅ ተወሰነ፣ ወጪው በኋላ ትልልቅ ባንኮች ላይ በልዩ መዋጮ ተጣለ። ያኔም ቢሆን በኬይመን ደሴቶች ቅርንጫፍ ገንዘብ የነበራቸው አልተካተቱም።

ደንቡን ማየት ከፈለግሽ በኦክቶበር 2024 ኦክላሆማ ውስጥ የወደቀችውን ትንሿን የሊንዚ ፈርስት ናሽናል ባንክ ተመልከቺ። እስከ 250 ሺህ ዶላር ያለው ገንዘብ ወደ ሌላ ባንክ ተዛወረ፣ ማንም አልተጉላላም። ከዛ በላይ የነበራቸው ግን ወዲያው የተለቀቀላቸው ከጣሪያው በላይ ካለው ገንዘብ 50 በመቶው ነው፣ ለቀረው የአጣሪ ሰርተፍኬት፣ ገንዘብ እንዳላቸው የሚያሳይ ወረቀት፣ ይሰጣቸዋል፣ ንብረት ሲሸጥ በየጊዜው ድርሻ እየተላከላቸው ይጠብቃሉ፣ የሚጠብቁት ገንዘብም ወለድ አይወልድም። ኢንዲማክ ላይም እንደዚሁ 50 በመቶ ነበር የተለቀቀው። የቅድሚያ ክፍያው የሚሰላው ንብረቱ ምን ያህል ያወጣል ተብሎ በጥንቃቄ ዝቅ ተደርጎ ነው፣ ስለዚህ አጣሪው ቶሎ በሸጠ ቁጥር የሰዎቹ ቀሪ ገንዘብም ቶሎ ይታወቃል። ደሞዝ የሚከፍልበት ገንዘብ እዛ የታሰረበት ድርጅት ከአምስት ዓመት በኋላ 90 ከሚያገኝ ዛሬ 80 ቢያገኝ ይሻለዋል፣ አምስት ዓመት የሚቆይ ድርጅት አይኖረውማ። የዳዊት ክርክር ላይ የጎደለኝ ይሄ ነው።

ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር፣ መድኑ የሚሸፍነው የባንክ ውድቀትን ነው። በመሀል ያለ የቴክኖሎጂ ድርጅት ከወደቀ መድኑ አይነሳም። በ2024 ሲናፕስ የሚባለው አገናኝ ድርጅት ሲከስር ገንዘባቸው መድን ባላቸው ባንኮች ውስጥ ነው የተባሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ለወራት ማውጣት አልቻሉም፣ ምክንያቱም ባንኮቹ አልወደቁም፣ የጠፋው ማን ስንት እንዳለው የሚያሳየው መዝገብ ነው። በአፕ በኩል የምታስቀምጡ ሰዎች አካውንቱ በባንኩ መዝገብ ላይ በስማችሁ መሆኑን እባካችሁ ጠይቁ።

ዳዊት_ከ፦
ናቲ የታሰረው ገንዘብ ላይ ያልከው ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። ግን እኮ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፣ መድኑ ለአስቀማጩ በግምት ቀድሞ ከፍሎ ንብረቱን ራሱ በድርሻ ይዞ መቆየት ይችላል። ሲግነቸር ላይ ያደረገው ይሄንን ነው። ፍላግስታር የሚባለው ባንክ አካውንቶቹን ሲረከብ 60 ቢሊዮን ገደማ ብድር አልወሰደም፣ አጣሪው ጋ ቀረ። ከዛ በዲሴምበር 2023፣ 16.8 ቢሊዮን የሚሆን የንግድ ሕንፃ ብድር የያዘ የሽርክና ድርጅት ውስጥ ብላክስቶን በሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት የሚመራ ቡድን 20 በመቶ ድርሻ በ1.2 ቢሊዮን ገዛ፣ 80 በመቶው መድኑ ጋ ነው የቀረው። ገዢው ያስተዳድራል፣ ሲሰበሰብ መድኑም ይካፈላል። እኔ የምለው ይሄ መንገድ ጭንቅ ሲመጣ የሚታሰብ ሳይሆን የመጀመሪያው ምርጫ መሆን አለበት።

የድሮ_ኦዲተር፦
ዳዊት ወንድሜ እዚህ ላይ ብዙ አንራራቅም። የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን የሚለው ላይ ግን ሕጉ ያግድሃል፣ ከ1991 ጀምሮ መድኑ የመጡትን አማራጮች ሁሉ በዛሬ ዋጋ አስልቶ ለፈንዱ ዝቅተኛውን ወጪ የሚያስከትለውን የመምረጥ ግዴታ አለበት። አንዳንዴ ይሄ አሪፍ ውጤት አለው፣ በሴፕቴምበር 2008 ዋሽንግተን ሚውቹዋል 307 ቢሊዮን ንብረት ይዞ ሲወድቅ ጄፒ ሞርጋን 1.9 ቢሊዮን ከፍሎ ወሰደው፣ ፈንዱ ሳንቲም አላወጣም፣ አስቀማጭ ሁሉ ዳነ፣ የተጎዱት ቦንድ የያዙትና ባለአክሲዮኖቹ ናቸው። አንዳንዴ ግን ሙሉ ባንኩን የሚፈልግ ገዢ አይመጣም ወይም የሚመጣው ኪሳራ ካልተጋራችሁኝ ይላል። ፈርስት ሪፐብሊክ በሜይ 2023 እንደዛ ነው የሄደው፣ በቤት ብድሮቹና በንግድ ብድሮቹ ላይ ከሚደርሰው ኪሳራ 80 በመቶውን መድኑ ሊሸፍን ፈርሞ። ይሄም እኮ በአንድ በኩል አንተ የምትለው ነው፣ ብድሩ ደንበኛውን በሚያውቅ ባንክ እጅ ይቆያል፣ የወደፊቱ አደጋ መድኑ ጋ ይቀራል፣ ገዢው ለፍርሃቱ ብሎ ዋጋ አይቆርጥም። ችግሩ ክትትል ነው። ኪሳራው 80 በመቶ በሌላ ሰው ሲሸፈንለት ተበዳሪውን ለማስታመም የሚታክት ባንክ አይቻለሁ፣ ቶሎ ማስያዣውን መሸጥ ይቀለዋል፣ ስለዚህ ለዓመታት ኦዲተር እየላክህ ነው የምትኖረው።

ሜሪ_ሒሳብ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንድ የመጨረሻ፣ አስቀማጭም ተበዳሪም ያልሆነ፣ ለምሳሌ ለባንኩ ኮምፒውተር አቅርቦ ገና ያልተከፈለው ነጋዴ ወረፋው ላይ የት ነው?

የብድር_ክፍል፦
ከአስቀማጮች በኋላ ነው ሜሪዬ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው የሚደርሰው ወይ ምንም። ግን ሳይጠይቅ እንዳይቀር፣ አጣሪው ማስታወቂያ ያወጣል፣ ከማስታወቂያው ጀምሮ ቢያንስ 90 ቀን ይሰጣል፣ በዛ ውስጥ ማስረጃውን አያይዞ ጥያቄውን ማስገባት አለበት፣ ካለፈው በቃ ይዘጋበታል። አጣሪው መልስ ለመስጠት 180 ቀን አለው፣ ውድቅ ካደረገበት ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል፣ መጀመሪያ አጣሪው ጋ ሳያቀርብ በቀጥታ ክስ ከመሠረተ ግን አይሰሙትም። ደረሰኝና የርክክብ ሰነዱን አሁኑኑ አንድ ላይ ያስቀምጥ በይው።